«አሮጌውን ይዘህ ና»፦ የአንድ የማንቼ ደጋፊ ስጋት

ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አርብ ነው። ሶማሌ ተራ፣ ከተደረደሩት የመኪና መለዋወጫ ሱቆች በአንዱ ውስጥ፣ በፍሬን ሸራና በዘይት ማጣሪያ ካርቶኖች መሀል የተቀመጠ ሰው ስልኩ ደጋግሞ ይጮኽበታል። ወሬው አንድ ነው። ማንቸስተር ዩናይትድ ሩበን አሞሪምን ዋና አሰልጣኝ አድርጎ ቀጥሯል። የ39 ዓመት ፖርቹጋላዊ ነው፤ ከስፖርቲንግ ሊዝበን ይመጣል፤ ውሉ እስከ 2027 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ነው።

ፊት ለፊት ሱቅ ያለው የአርሰናል ደጋፊ ወዳጁ ብቅ ብሎ «እንኳን ደስ አላችሁ! ስድስተኛው ሙሽራ ገባላችሁ» አለው።

ሰውየው መልስ አልሰጠም። በሌላ ቀን ቢሆን የሚመልሰው አያጣም ነበር። ያን ቀን ግን ሆዱን የበላው ነገር ነበር፤ ስሙን ለማወቅም ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። ፈርቶ ነው።

ይህ ሰው ማንቼን የያዘው በ1991 ዓ.ም. ነው፤ ክለቡ ፕሪሚየር ሊጉን፣ ኤፍኤ ካፑንና ቻምፒየንስ ሊጉን በአንድ የውድድር ዓመት ሲጠቀልል። ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። የራሱ ልጅ ደግሞ የተወለደው ሐምሌ 2005 ዓ.ም. ላይ ነው፤ ሰር አሌክስ ፈርጉሰን 13ኛውን የሊግ ዋንጫቸውን አንስተው ከተሰናበቱ በኋላ፣ ዴቪድ ሞይስ ሥራ በጀመረ ሰሞን። ልጁ ማንቼን የወረሰው ከአባቱ ነው። ማልያውን ለብሶ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ተሰድቦ ይመለሳል፣ በሳምንቱ ደግሞ ይለብሰዋል። ክለቡ ሊግ ሲያነሳ ግን በዕድሜው አንድ ቀን አላየም።

ያን ዕለት ማታ ልጁ ዜናውን ከሰማ በኋላ ያቀረበው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር። «አባዬ፣ ይሄኛውስ ስንት ዓመት ይቆያል?»

ጎበዝ ነው ወይ አላለም። ምን ዓይነት ጨዋታ ይጫወታል አላለም። የ11 ዓመት ልጅ ስለ አሰልጣኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው የሚሰናበትበትን ቀን ከሆነ፣ ክለቡ ያስተማረው ትምህርት ያ ብቻ ስለሆነ ነው። ሞይስ የስድስት ዓመት ውል ይዞ ገብቶ አሥር ወር አልቆየም። ቫን ሃል ኤፍኤ ካፕ ባነሳ በሁለተኛው ቀን ተሸኘ። ሞሪንሆ ሁለት ዋንጫ አምጥቶ በሦስተኛው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ወጣ። ሶልሻየር መጣ፣ ሄደ። ራንግኒክ በጊዜያዊነት አለፈ። ቴን ሃግ በሁለት ዓመት ሁለት ዋንጫ አንስቶ፣ ውሉ ከታደሰለት አራት ወር ሳይሞላው ተሰናበተ።

አባትየው ለልጁ «ይሄኛው ይቆያል» ሊለው ፈለገ። አልወጣለትም።

በሶማሌ ተራ ያልተጻፈ ሕግ አለ። ደንበኛ መጥቶ «የኮሮላ የፍሬን ሸራ ስጠኝ» ሲል፣ ደህና ነጋዴ ዝም ብሎ ከመደርደሪያ አያወርድም። የስንት ዓመተ ምሕረት ሞዴል ነው? የሻንሲ ቁጥሩስ? ይላል። ከሁሉም የሚሻለው ግን «አሮጌውን ይዘህ ና» ማለት ነው። አዲሱ ዕቃ ካሮጌው ጋር ጎን ለጎን ይያዛል፤ ቀዳዳው ከቀዳዳው፣ ጥርሱ ከጥርሱ ይገጥም እንደሆነ ይታያል። ኦርጅናል መሆኑ ብቻውን አይበቃም። የዚያ መኪና ካልሆነ፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ በመዶሻ ቢመቱትም አይገባም። በግድ ከገባ ደግሞ መንገድ ላይ ይሰበራል። ያኔ ባለመኪናው ተመልሶ መጥቶ ዕቃውን ይሰድባል፤ ዕቃው ግን ምንም አላጠፋም።

የሰውየው የመጀመሪያ ስጋት ይኸው ነበር። አሞሪም በስፖርቲንግ ሁለት ጊዜ ሊግ ያነሳው፣ አንዱንም ከ19 ዓመት ጥበቃ በኋላ፣ በ3-4-3 አሰላለፍ ነው። ሦስት የመሀል ተከላካይ፣ መስመሩን ከጫፍ ጫፍ የሚያካልሉ ሁለት ተመላላሾች፣ ከአጥቂው ጀርባ ተጠግተው የሚጫወቱ ሁለት ሰዎች። ይህን ከማንም አልደበቀም፤ ሌላ አሰላለፍ አለኝም ብሎ አያውቅም። ዩናይትድ ግን ለዓመታት ሲገዛና ሲያሳድግ የኖረው ለአራት ተከላካይ የሚሆኑ ሰዎችን ነው። ራሽፎርድ፣ ጋርናቾ፣ አንቶኒ፣ አማድ፤ ሁሉም የክንፍ ልጆች ናቸው። ክንፍ ላይ ቆሞ ኳስ የሚጠብቅ ተጫዋች በዚያ 3-4-3 ውስጥ ቤት የለውም። ተመላላሽ ሊሆኑ ከሚችሉት የግራ ተከላካዮች ሉክ ሾውና ማላሲያ ደግሞ በጉዳት ከሜዳ ርቀው የከረሙ ናቸው። በዚያው ክረምት 200 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ወጥቶ የተገዙት ተጫዋቾችም የተገዙት ለቴን ሃግ ነበር።

እንግዲህ አሮጌውን ይዞ የሄደ ሰው አልነበረም ማለት ነው።

ሁለተኛው ስጋት ጥድፊያው ነው። አሞሪም ራሱ በኋላ በአደባባይ እንደተናገረው፣ ፍላጎቱ የውድድር ዓመቱን ጨርሶ በክረምት መምጣት ነበር። የተሰጠው መልስ «አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም» የሚል ሆነ። ክለቡ ለስፖርቲንግ 11 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ከፍሎ በኅዳር አመጣው። ዝግጅት የለ፣ ዝውውር የለ፣ በየሦስት ቀኑ ጨዋታ። ሽማግሌ ሳይላክ፣ ዘመድ ሳይጠየቅ የተደገሰ ሠርግ መሰለው ሰውየውን።

ሦስተኛው ከሁለቱም ይብሳል። ለመሆኑ ቀጣሪው ማን ነው? ሰር ጂም ራትክሊፍ በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከክለቡ ድርሻ ሩብ ያህሉን ገዝተው የእግር ኳሱን ሥራ ሲረከቡ፣ ደጋፊው አዲስ ዘመን ብሎ አጨብጭቦ ነበር። እነዚሁ ሰዎች በሰኔ መጨረሻ የቴን ሃግን ውል አድሰው በጥቅምት አባረሩት። የስፖርት ዳይሬክተር አድርገው ያመጡት ዳን አሽወርዝ ሥራ በጀመረ በአምስት ወሩ፣ አሞሪም ከገባ ደግሞ አንድ ወር ሳይሞላው፣ በኅዳር መጨረሻ ለቀቀ። የተቀጠረው ሰው ሻንጣውን ሳይፈታ ከቀጣሪዎቹ አንዱ ሻንጣውን ሸከፈ።

አራተኛውን ስጋት ሰውየው ለማንም አልተናገረም። ቴን ሃግ ይባረር ብለው ከጮኹት አንዱ እሱ ነበር። ሊቨርፑልና ቶተንሃም እያንዳንዳቸው ኦልድ ትራፎርድ ላይ 3 ለ 0 ሲያሸንፉ፣ ሰፈሩ ባለው ዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ቆሞ፣ ልጁ ከጎኑ ተቀምጦ፣ «ይውጣ! ዛሬውኑ ይውጣ!» ሲል ነበር። ቤቱ ሁሉ ተቀብሎት ጮኸ። ይህ ጩኸት ከአዲስ አበባ ማንቸስተር አይደርስም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ጩኸት በየከተማው፣ በየስልኩ፣ በየቋንቋው ሲደመር ባለሥልጣናቱ የሚደነግጡበት ነገር ይሆናል። የደነገጠ ሰው ደግሞ አሮጌውን ይዞ ገበያ አይወጣም።

ከአራት ቀን በኋላ፣ አሞሪም ገና ስፖርቲንግ ሳለ፣ ማንችስተር ሲቲን 4 ለ 1 ረታ። ዲኤስቲቪ ቤቱ የማንቼ ጨዋታ ይመስል ፈነደቀ። ሰውየውም ፈነደቀ። ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደውም። ተስፋ ማድረግ ጀምሮ ነበርና።

ኅዳር 15፣ እሑድ ምሽት 1፡30፣ ኢፕስዊች ላይ የመጀመሪያው ጨዋታ ሆነ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ራሽፎርድ አገባ። ልጁ ዘሎ አባቱ አንገት ላይ ተጠመጠመ። የክንፉ ልጅ አማድ የቀኝ ተመላላሽ ሆኖ ተሰልፏል፤ ጎሏንም ያመቻቸው እሱ ነው። «አየህ አባዬ? ይገጥማል!» አለ ልጁ። ከዕረፍት በፊት ኢፕስዊች አቻ አደረገ፤ ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ዩናይትድ ያን ዓመት በ42 ነጥብ 15ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ በ1974 እ.ኤ.አ. ከወረደ ወዲህ የከፋው ደረጃ ነው። ጥር ላይ አሞሪም ራሱ፣ ይህ ቡድን በክለቡ ታሪክ የከፋው ሳይሆን አይቀርም ብሎ ተናገረ። እውነቱን ነው የተናገረው። እውነት መናገሩ ግን ተመላላሽ አልወለደለትም።

በግንቦት 13 ምሽት ቢልባኦ ላይ የኢሮፓ ሊግ ፍጻሜ ነበር። በሊጉ 16ኛ የሆነው ከ17ኛው ጋር ለዋንጫ ተሰለፈ። ቶተንሃም 1 ለ 0 አሸነፈ፤ ማንቼ ለቀጣዩ ዓመት ከአውሮፓ መድረክ ውጭ ሆነ። ከምሽቱ 4 ሰዓት የጀመረው ጨዋታ ሲያልቅ ልጁ አግዳሚው ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። አባትየው አልቀሰቀሰውም። አዝሎት ወደ ቤት ሄደ። የ11 ዓመት ልጅ ለመታዘል ይከብዳል።

በዚያው ጊዜ ክለቡ ወጪ ለመቀነስ ብሎ በመጀመሪያው ዙር 250 ሠራተኞችን አሰናብቶ፣ እስከ 200 የሚደርሱ ሌሎችን ደግሞ ሊያሰናብት መሆኑን አስታውቆ ነበር። ለተባረሩ አሰልጣኞችና ለረዳቶቻቸው ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ፓውንድ ካሳ ይከፈላል። አሰልጣኝ በስህተት ቀጥረው በስህተት ያባረሩ ሰዎች ወንበራቸው ላይ አሉ። ቢሮ የሚያጸዳውና ምሳ የሚያቀርበው ግን ወደ ቤቱ ሄዷል። ሰውየው ይህን ሲያነብ የተናደደው እንደ ኳስ ደጋፊ ብቻ አልነበረም። በዚህ ዓለም ላይ የበላይ ያጠፋውን የበታች ሲከፍል ያየው ማንቸስተር ላይ ብቻ አይደለምና።

ሌላም ቡድን አለው፤ የማይመርጠው፣ የተወለደበት። ዋልያዎቹን ሰውነት ቢሻው ከ31 ዓመት በኋላ በ2013 እ.ኤ.አ. ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያበቃቸው አልቅሶ ነበር። ከሰውነት በኋላ ማሪያኖ ባሬቶ መጣ። ከዚያም ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድህን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ፣ ውበቱ አባተ። ስም በተለወጠ ቁጥር «አሁን ነው» ይባላል። ውበቱ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፈ ቡድን ሠራ። ያ «የሜዳችን ጨዋታ» የተካሄደው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ውስጥ ነው፤ መመዘኛውን የሚያሟላ ስታዲየም አገር ቤት ስላልነበረ። ሜዳ የሌለው ቡድን አሰልጣኝ ሲቀጠር፣ ከአሰልጣኙ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ሰው ነበር። የሚጠየቀው ግን ሁልጊዜ አሰልጣኙ ነው፤ እሱ በስም ይታወቃል፣ በቴሌቪዥን ይታያል፣ ውሉም አጭር ነው።

ፊት ለፊት ያለው የአርሰናሉ ወዳጅ በዚህ ጉዳይ የሚለው አለው፤ ሲቀልድ ቢውልም ሲመክር ደግሞ ቁም ነገረኛ ነው። አርቴታ በታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. ሲመጣ እንደ አሞሪም «ዋና አሰልጣኝ» ተብሎ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ስምንተኛ፣ በሁለተኛውም ስምንተኛ ሆነ። «እኛም ይባረር ብለን ጮኸናል» ይላል ወዳጁ፣ «እነሱ ግን አልሰሙንም። ስሙን ወደ ማናጀር ከፍ አደረጉለት፤ የማይፈልጋቸውን ተጫዋቾች አወጡለት፤ የሚሆኑትን ገዙለት። ከዚያ ሦስት ዓመት ተከታትለን ሁለተኛ ወጣን።» ሁለተኛ መውጣት የሚያስኮራ ነገር መሆኑን ማንቼዎች የተረዱት በቅርቡ ነው።

ፈርጉሰንም ቢሆኑ በኅዳር 1986 እ.ኤ.አ. መጥተው የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሱት በ1990 ነው፤ በዚያው ዓመት በሊጉ 13ኛ ነበሩ። ይህን ታሪክ ደጋፊ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል፤ ትዕግሥት ለመለመን ሁሌ ይጠቀስ የለ! ሰውየው ግን አንድ ነገር ይጨምርበታል። የታገሱት ሰዎች ምን እንደሚጠብቁ ያውቁ ነበር። ሳያውቁ መጠበቅ ትዕግሥት አይባልም፤ ቸልታ ነው።

በሁለተኛው ክረምት ለአሞሪም ኩኛ፣ ምቤውሞና ሼሽኮ ከ200 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጥቶባቸው ተገዙ። ሦስቱም ፊት ላይ የሚጫወቱ ናቸው። ሰውየው ዝርዝሩን ሁለቴ አነበበው፤ ተመላላሽ ፈለገ፣ መሀሉን የሚያስከብር አማካይ ፈለገ፣ አጣ። ነሐሴ 21 ማታ በአራተኛው ዲቪዚዮን የሚጫወተው ግሪምስቢ ታውን ማንቼን ከካራባዎ ካፕ ጣለው፤ 2 ለ 2፣ በመለያ ምት 12 ለ 11። ካሜራው አሞሪምን በዝናብ ውስጥ የታክቲክ ሰሌዳው ላይ አጎንብሶ ትንንሽ ክቦችን ከዚህ ወደዚያ ሲያንቀሳቅስ አሳየው። ዲኤስቲቪ ቤቱ ሳቀ። ሰውየው መሳቅ አልቻለም። በማይገጥም ዕቃ ቀኑን ሙሉ ሲታገል የዋለ መካኒክ ስንቴ አይቷል!

አሰልጣኙም ንጹሕ አልነበረም። ጳጳሱም ቢመጡ አሰላለፌን አያስቀይሩኝም እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ጥቅምት 9 ቀን 2018 አንፊልድ ላይ ሊቨርፑልን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አባትና ልጅ ተቃቅፈው አለቀሱ። ማጓየር በግንባሩ ያስቆጠራትን ጎል ልጁ በስልኩ ስንት ጊዜ እንዳያት አይቆጠርም። ለአንድ ሳምንት ስጋቱ ሁሉ ተረሳ። በታኅሣሥ ከኒውካስል ጋር ወደ አራት ተከላካይ ዞሮ 1 ለ 0 አሸነፈ፤ በቀጣዩ ከወልቭስ ጋር ወደ ሦስቱ ተመልሶ አቻ ወጣ። ሰውየው ራሱን ያዘ። እንግዲህ ግትርነትም ነበረበት። ይሁንና ግትርነቱ ሲቀጠርም የታወቀ ነበር፤ የወደዱትም ለዚያ ነው። ዕቃው ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ አንብበው ነው የገዙት።

ታኅሣሥ 27 ቀን 2018 ዓ.ም. ሰኞ፣ ለገና ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አባትና ልጅ ዶሮ ተራ ነበሩ። አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ከሊድስ ጋር 1 ለ 1 ከተለያዩ በኋላ፣ አሞሪም የመጣሁት ማናጀር ልሆን እንጂ አሰልጣኝ ብቻ ልሆን አይደለም የሚል ነገር ተናግሮ ነበር። ከበላዮቹ ጋር አለመስማማቱ አደባባይ ወጣ። ስልኩ ጮኸ። ተሰናብቷል። ከ14 ወር በኋላ፣ ከ63 ጨዋታ በኋላ። በሊጉ ከ47 ጨዋታ ያሸነፈው 15ቱን ነው። በተሰናበተበት ቀን ቡድኑ ስድስተኛ ደረጃ ላይ ነበር።

ልጁ አሁን 12 ዓመቱ ነው። የአባቱን ፊት አይቶ ገባው። ዜናውን እንኳ አልጠየቀም። «ቀጣዩስ ስንት ዓመት ይቆያል?» አለ።

አባትየው በአንድ እጁ ዶሮ፣ በሌላው ስልክ ይዞ ቆመ። ከ14 ወር በፊት ለዚህ ጥያቄ መልስ አጥቶ ነበር። አሁን ግን ያለውን ነገረው፤ ቆንጆ መልስ ባይሆንም።

«መጀመሪያ የሚቀጥሩት ሰዎች ምን እንደሚፈልጉ ይወቁ። ከዚያ ስንት ዓመት እንደሚቆይ እነግርሃለሁ።»

ልጁ ትንሽ አሰበ። «እስከዚያ ሌላ ክለብ ብይዝስ?»

ሰውየው የፈራት ጥያቄ ይህቺ ነበረች። ከአሰላለፉም፣ ከውሉም፣ ከደረጃ ሰንጠረዡም በላይ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሆዱን ስትበላው የነበረችው። አዲስ አሰልጣኝ በመጣ ቁጥር አባት ለልጁ «ጠብቅ» ይላል፤ በእጁ በሌለ ነገር፣ በማያውቃቸው ሰዎች ስም ቃል ይገባል። ያን ቃል ስድስት ጊዜ የበሉት እነዚያ ሰዎች የሰው ዕዳ መሸከማቸውን የሚያውቁ አይመስሉም።

«ያንተ ምርጫ ነው» አለው በመጨረሻ።

ልጁ ዶሮዋን ተቀበለው፤ ሁለት እግሯንም አጥብቆ ያዘ። ከሹራቡ ሥር ቀዩ ማልያ ብቅ ብሏል። የታክሲው ሰልፍ ጋ እስኪደርሱ ሁለቱም ምንም አልተናገሩም። ወረፋ ይዘው ከቆሙ በኋላ ልጁ ቀና ብሎ፣ «ግን ቀጣዩ ጨዋታ ከማን ጋር ነው?» አለ።